ባልና ሚስት በሳቫና ከተማ

ባልና ሚስት በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ከሥራ ብዛትና ከልጆች አሳብ የተነሣ፣ የልባቸውን ሳይጫወቱ ወራት የሚያልፍባቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ቅዳሜንና እሑድን ከቤት ርቀው፣ ታሪክ ያለበትን አገር አብረው ቢያዩ ትዳርን የሚያድስ ነገር ነው። ለመዝናናት ብቻ የሄደ ሰው ደክሞ ይመለሳል፤ ለመማርም የሄደ ግን የሚነጋገርበትን ስንቅ ይዞ ይገባል።

በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንታና በአካባቢዋ፣ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፣ ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ከዚያ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ተጉዘው የሚደርሱባትን የሳቫናን ከተማ ነው። እኛም ከባለቤታችን ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠን በእግራችን ዞረን አይተናታል።

ከተማይቱን በ1733 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቆረቆሩት ጄምስ ኦግልቶርፕ የሚባሉ እንግሊዛዊ ናቸው። የአገሩ ተወላጆች አለቃ ቶሞቺቺም በሰላም ተቀበላቸው። ኦግልቶርፕ መንደሩን በዘፈቀደ አላሠሩትም፤ ቤቶቹ አንዱን አደባባይ መካከል አድርገው እንዲሠሩ፣ ከተማውም በሰፋ ቁጥር አዲስ አደባባይ እንዲጨመር ወሰኑ። ኋላ 24 ደርሰው ከነበሩት አደባባዮች ዛሬ 22ቱ ይገኛሉ። በየአደባባዩ ትልልቅ የኦክ ዛፎች አሉ፤ ከቅርንጫፎቻቸውም በአገራችን የዛፍ ሽበት የምንለውን የሚመስል ነገር ተንዠርግጎ ይታያል። ከጥላው ሥር ተቀምጦ ለመጫወት ገንዘብ የሚጠይቅ የለም።

አሮጌዎቹ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆዩት ግን እንዲሁ በዕድል አይደለም። በ1955 ዴቨንፖርት የሚባለው ቤት ሊፈርስ በተቃረበ ጊዜ፣ ሰባት ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ቤቱን አዳኑት፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ብዙ ቤቶች በዚሁ ማኅበር ድካም ተርፈዋል።

ነገር ግን ውበቱን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ከተማይቱን አላያትም። መሥራቾቹ በ1735 ባርነትን በሕግ ከልክለው ነበር፤ ዳሩ ግን ሰፋሪዎቹ ትርፍ ፈልገው ደጋግመው ስለ ጮኹ፣ በ1751 ክልከላው ተነሣ። ከዚህ በኋላ የከተማይቱ ሀብት በባሮች ጉልበት በሚመረተው ሩዝና ጥጥ በረታ።

በመጋቢት 1859 ፒርስ በትለር የሚባል ባለ ርስት ዕዳውን ለመክፈል 436 ሰዎችን ከከተማው ዳር በነበረው የፈረስ መሮጫ ሜዳ ለሽያጭ አቀረበ። በሁለቱ ቀን ዝናቡ አላባራም ነበርና፣ ያ ጊዜ የልቅሶ ጊዜ ተብሎ ቀረ። ባልና ሚስት አይለያዩ የሚል ደንብ ቢኖርም፣ ገና ያልተጋቡትን እጮኞች ደንቡ አላዳናቸውም። በሥፍራው ገዥ መስሎ የተገኘ አንድ ጋዜጠኛ እንደ ጻፈው፣ ጄፍሪ የሚባል የ23 ዓመት ጎልማሳ አዲሱን ጌታውን፣ የሚወዳትን ዶርካስን እንዲገዛለት ለመነው። እርስዋ ግን ከሌሎች ሰዎች ጋር ተዳብላ ስለ ቀረበች፣ ጌታው ሁሉንም መግዛት አልፈለገም፤ ሁለቱም ተለያዩ። በሽያጩ መዝገብ እርሱ 319፣ እርስዋ 278 ተብለው ነበር።

ባለቤታችን ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «ሰውን በቁጥር ሲመዘግብ የጸሐፊው እጅ አልተንቀጠቀጠምን?» ብለው ጠየቁን። እኛም መዝገብ በመጻፍ የምንኖር ነንና መልስ አጣን። በአገራችንም ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ሰው ይሸጥ ነበርና፣ ይህን የሌላ አገር ነውር ብቻ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም።

እሑድ ያየነው ደግሞ ልብን ያጸናል። በማዲሰን አደባባይ ባለው የግሪን ቤት በጥር 1865 ጄኔራል ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን ሰብስበው ስለ ነጻነት ጠይቀዋል። ስለ ሁሉም የተናገሩት ጋሪሰን ፍሬዘር፣ ከስምንት ዓመት በፊት 1,000 ዶላር በወርቅና በብር ከፍለው ራሳቸውንና ሚስታቸውን ከባርነት የገዙ የ67 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ለሕዝባቸው የሚሻለው በገዛ እጁ አርሶ የሚኖርበት መሬት መሆኑን አስረዱ። ከአራት ቀንም በኋላ ሸርማን ለየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ጆንሰን ተሽሮ መሬቱ ለቀድሞ ባለ ርስቶች ቢመለስም፣ የሽማግሌው ቃል ግን አልተሻረም።

በወንዙ ዳር በ2002 የቆመው ሐውልት አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ተቃቅፈው፣ የተሰበረ ሰንሰለት በእግራቸው ሥር ወድቆ ያሳያል። ልጆች ያሉት ሰው ልጆቹን ከዚህ ፊት ቢያቆማቸው መልካም ነው።

ለሚሄዱ ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ስለሚበረታ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ አበባው ሲፈነዳ፣ ይሂዱ፤ ለእግር የሚመች ጫማ ያድርጉ፤ ቅዳሜ አደባባዮቹን፣ እሑድ የግሪንን ቤትና ወንዙን ይመልከቱ፤ የግሪን ቤት ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ማታም ያዩትን እየተነጋገሩ ይራት ይብሉ። ጄፍሪና ዶርካስ አጥብቀው ፈልገው ያጡት ነገር፣ አብሮ መኖር፣ ለእኛ በየቀኑ ያለ ዋጋ የተሰጠን ነውና፣ ባልና ሚስት ይህን አስበው እርስ በርሳቸው ቢከባበሩ የሁለት ቀኑ ወጪ በከንቱ አልጠፋም።