ደሙ ሳይሆን ታሪኩ፦ አጫጭር አስፈሪ ፊልሞችን እንዴት እንምረጥ?

ሥራ አልቆ፣ ልጆቹ ተኝተው ስልክሽን የምትከፍቺበት ሰዓት ለረጅም ፊልም አይበቃም። አጫጭር አስፈሪ ፊልሞች በስልክ የሚወደዱትም ለዚህ ነው። በዐረብኛ «አፍላም ሩዕብ ቀሲራ» ይባላሉ፤ ብትፈልጊ በሽ በሽ ናቸው። ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ደም ብቻ ያሳይሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያንቺኑ ሕይወት የሚያውቅ ይመስላል።

ደም የሚበዛበት

ጄምስ ዋን እና ሊ ዋኔል የተባሉ ጓደኛሞች በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ «ሶው» የተባለ አጭር ፊልም ሠሩ። አንድ ወጣት ሲነቃ መንጋጋው ላይ የብረት ወጥመድ ታስሮ ያገኘዋል፤ ሰዓቱ ሳያልቅ ካልፈታው ይገነጥለዋል። በዓመቱ ወደ ሙሉ ፊልም አደገ፤ እስከ 2023 የተከታታዩ ፊልሞች በጠቅላላ አሥር ደረሱ። ደሙ የውሸት እንደሆነ ብታውቂም ምስሉ ከዓይንሽ ቶሎ አይጠፋም። ብቻሽን የምትተኚ ከሆነ ይህን ዓይነቱን በሌሊት ባትጀምሪው ይሻላል።

ጠብታ ደም የሌለበት

ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 ባለቤቱን ሎታ ሎስተንን ይዞ በገዛ ቤታቸው «ላይትስ አውት»ን ቀረጸ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አንዲት ሴት ልትተኛ ስትል የኮሪደሩን መብራት ታጠፋለች፤ ጨለማው ውስጥ ሰው ቆሟል። ስታበራ የለም። ስታጠፋ አለ። ደግማ ስታጠፋ ቀርቧታል። የሚያስፈራሽ ያየሽው ሳይሆን ቀጥሎ ይመጣል ብለሽ የምትጠብቂው ነው። ሳንድበርግ በ2016 ይህንኑ በሆሊውድ ረጅም ፊልም አድርጎ ሠራው።

ልብ የሚነካው

የአውስትራሊያው «ካርጎ» (2013) ሰባት ደቂቃ ነው። አባት በዞምቢ ተነክሷል፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ዞምቢ እንደሚሆን ያውቃል። ጨቅላ ልጁን ጀርባው ላይ ያዝላል። ራሱን ከሳተ በኋላም ወደፊት መሄዱን እንዳያቆም በእንጨት ጫፍ ሥጋ አንጠልጥሎ ከፊቱ ያስራል። መጨረሻውን አልነግርሽም። ልጅሽን አገር ቤት ትተሽ የመጣሽ ከሆነ ግን ነገሩ ስለ ዞምቢ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባሻል፤ ራሱ እያለቀ ለልጁ ስለሚራመድ ወላጅ ነው።

ወላጆቿ ከሴራሊዮን ወደ አሜሪካ የሄዱት ኒክያቱ ጁሱም በዚሁ መንገድ ነው የመጣችው። በ2019 ያወጣችው አጭር ፊልም ደም የምትጠጣ ጥቁር ነርስ ከልጆቿ ጋር ለመሆን የምታደርገውን ትግል ያሳያል። በ2022 ደግሞ «ናኒ» የተባለውን ረጅም ፊልም ሠርታ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ትልቁን የዳኞች ሽልማት አገኘች። ባለታሪኳ ከሴኔጋል ኒው ዮርክ ሄዳ የሰው ልጅ የምታሳድግ ሞግዚት ናት፤ የራሷን ልጅ ለማስመጣት ትለፋለች፣ አሠሪዎቿ ግን ደመወዟን ያዘገዩባታል። መናፍስት አሉበት፤ ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ያ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው።

ከመክፈትሽ በፊት

የፍርሃቱ ግማሽ ያለው በድምፁ ነው። ከከበደሽ ድምፁን ቀንሺው፤ ወዲያው ይቀልልሻል።

የቤቱ ልጆች አጠገብሽ ካሉ አትክፈቺው። ሌሊት ከእንቅልፋቸው እየባነኑ ቢያለቅሱ ተጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ።

«እውነተኛ ነው» ተብሎ በዋትስአፕ የሚላክልሽ የግድያ ወይም የድብደባ ቪዲዮ ፊልም አይደለም። እዚያ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሰው ነው። አጥፊው፤ ለሌላም አታስተላልፊ፤ በሕግም ሊያስጠይቅሽ ይችላል።

ለዛሬ ሌሊት «ላይትስ አውት» ይበቃሻል፤ መብራቱን ሳታጠፊ እዪው። «ካርጎ»ን ግን ለእረፍት ቀንሽ አቆዪው። ሲያልቅ አገር ቤት መደወል ያምርሽ ይሆናል።