ሲጋራ ያቆመ ሰውና ቡናው

ለብዙ ዓመታት ሲያጨስ የኖረ ሰው ሲጋራ ባቆመባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት እንቅልፍ ያጣል፣ ይቁነጠነጣል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። እርሱም ሆነ የሚያማክረው የጤና ባለሙያ ይህን ሁሉ የኒኮቲን ሱስ ጣጣ አድርገው ይወስዱታል። አብዛኛው እንዲያ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከፊሉ ከስኒው ሊመጣ እንደሚችል ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት አገር ይህ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ወደ ሰውነት ከሚገባው ካፌይን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ጉበት ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ.1ኤ2 በተባለ ኢንዛይም ተሰባብሮ ይወገዳል። ትምባሆ ሲቃጠል የሚፈጠሩትና ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት ውሕዶች ደግሞ ጉበት ይህን ኢንዛይም አብዝቶ እንዲያመርት ያነሣሡታል። በመሆኑም በደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በማያጨስ ሰው 5 ሰዓት ገደማ ሲፈጅበት፣ በአጫሽ ሰው 3 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አጫሹ ሳያውቀው የቡናውን ልክ ከዚህ ፍጥነት ጋር ሊያስማማ ይችላል፤ ሌላው በአንድ ስኒ ሲረካ እርሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ይደግማል።

ጭሱ ሲቀር ይህ የኢንዛይም ብዛት በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ማያጨስ ሰው ደረጃ ይወርዳል። ቡናው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ቤኖዊትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ማጨስ ባቆሙ ሰዎች ደም ውስጥ ያለው የካፌይን መጠን ከቀድሞው ወደ እጥፍ አድጎ ለስድስት ወራት ያህል በዚያው ቆይቷል። ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው ስድስት እንደጠጣ ይሆናል ማለት ነው። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው የሚቀበላቸው ጉበት ነው።

አስቸጋሪው ነገር የሁለቱ ምልክቶች መመሳሰል ነው። መረበሽና እንቅልፍ ማጣት በኒኮቲን መቋረጥም በካፌይን መብዛትም ይመጣሉ። ሆኖም የኒኮቲን መቋረጥ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አያፈጥንም፤ ስለዚህ ልቤ ይመታብኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል የሚል ሰው ሲመጣ ስለ ቡናው መጠየቅ ተገቢ ነው። የኒኮቲኑ ምልክት በመጀመሪያው ሳምንት አይሎ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከዚያ የዘለቀ እንቅልፍ ማጣትም ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል። ይህ ልዩነት ካልታየ ሰውዬው «ያለ ሲጋራ መኖር አልችልም» ብሎ ይደመድምና መልሶ ይለኩሳል። የሚያጣውም ቀላል አይደለም፤ ከ34,000 በላይ የብሪታንያ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመታት የተከታተለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የዶልና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ50 ዓመት ዕድሜ ማቆም 6 ዓመት ገደማ፣ በ60 ዓመት ማቆም እንኳ 3 ዓመት ገደማ ዕድሜ ይጨምራል።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲንም ሆነ የኒኮቲን ማስቲካ ለሱሱ እንጂ ለዚህ ችግር አይረዱም፤ ኢንዛይሙን የሚያነሣሣው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለምና።

ጉዳዩ በቡና ብቻ አያበቃም። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን በዚሁ ኢንዛይም አማካይነት ይወገዳሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤና ተቋማት ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል፣ ተኝቶ እንዲታከም የገባ አጫሽ ማንም ሳያስብበት በገባበት ዕለት ሲጋራ ያቆመ ሰው ይሆናል። የመድኃኒቱ ልክ ካልተስተካከለለት በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል፤ ክሎዛፒን ሲሆን ከከባድ ድብታ አልፎ እስከ መንቀጥቀጥ ሕመም ሊያደርስ ይችላል። ወጥቶ ማጨስ ሲጀምር ደግሞ ያው ልክ ያንስበታል፤ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል።

ቡናን በተመለከተ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መተው ግን አያስፈልግም። በድንገት መተው ራስ ምታትና ድካም አምጥቶ በመከራው ላይ መከራ ይጨምራል። ሲጋራ በሚቆምበት ሳምንት መጠኑን በግማሽ መቀነስና የማታውን ማስቀረት ይበቃል። «አልጠጣም» ማለት ነውር በሚሆንበት ቤት ደግሞ አቦሉን አሳልፎ ከቶናው መጀመር ይቻላል። ማጨስ ለማቆም የሚመጣን ሰው የሚመዘግብ ባለሙያም በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ ከጠየቀ በኋላ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጣ ቢጠይቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ጥያቄውን ቢደግም የሚወስድበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።