መኪናን ከፍ ማድረግ፦ ከሞላ ምርጫ እስከ አላይመንት

ከመቀሌ ተነስቶ በበርሃሌ በኩል ወደ ዳሎል የሚወርድ ላንድ ክሩዘር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወደሚዘቅጠው የጨው ሜዳ በአንድ ቀን ይደርሳል። ወደ ኤርታሌ ከታጠፈ ደግሞ አሸዋና የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጠብቁታል። በላዩም ተሳፋሪ፣ ውሃ፣ ነዳጅ፣ ድንኳን፣ ምግብና ተጠባባቂ ጎማ ተሸክሟል። ፋብሪካው ሞላና ባሌስትራ ሲመርጥለት ይህን አንድ ጉዞ ብቻ አላሰበም። ባዶውን አስፋልት ላይ የሚሄደውንም፣ ሞልቶ ገጠር የሚገባውንም አስታርቆ ነው የሠራው። ብዙ ባለንብረቶች መኪናቸውን ከፍ ለማድረግ የሚነሱት ይህ እርቅ ለእነርሱ ሥራ ስለማይበቃ ነው።

ምክንያታቸው ትክክል ነው። የሚሳሳቱት አፈጻጸሙ ላይ ነው። ከፍ ማድረግና አላይመንት እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይታያሉ፤ አንዱ ጋራዥ ሞላ ይቀይራል፣ ሌላው ከወራት በኋላ፣ ጎማው ተበልቶ ሲያልቅ፣ አላይመንት ይሠራል። በእውነቱ ግን ሥራው አንድ ነው። የመኪናው ከፍታ በተቀየረባት ቅጽበት የፊት እግሮቹ ማዕዘን ሁሉ አብሮ ተቀይሯል።

ሁለት መኪና፣ ሁለት ዓይነት እግር

በአገራችን መንገዶች የሚታወቁት ሁለቱ ቶዮታዎች ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው። አንደኛው ሃይሉክስ ነው። ዛሬ የምናያቸው ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክሶች ከፊት እያንዳንዱ ጎማቸው ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ ላይኛውና ታችኛው ክንድ ጎማውን ይይዙታል፣ በመካከላቸው አሞርዛተርና ሞላ አንድ ላይ ተገጥመው ይቆማሉ። ከኋላ ደግሞ ድፍን አክስል በባሌስትራ ላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ላንድ ክሩዘር 70 ነው። እስከ 1999 ድረስ የሥራ ሞዴሎቹ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ይሄዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሃርድ ቶፕና ፒክአፕ ከፊት ወደ ሞላ ተቀየሩ፤ ድፍኑ የፊት አክስል ግን እንዳለ ቀረ። አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያይዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች ሲሆኑ፣ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ደግሞ አንድ አግድም ዘንግ ይይዘዋል። ይህ የአሠራር ልዩነት መኪናው ከፍ ሲል የሚናጋውንም፣ የሚስተካከልበትንም መንገድ ይለያል።

ከፍታ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ሞላና ባሌስትራ በመቀየር የሚገኝ ከፍታ ሻንሲውንና የመኪናውን አካል ከመሬት ያርቃል። መኪናው ወደ ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ አፍንጫውና ጅራቱ እንዳይመታ፣ ጎማውም ለመውረድና ለመውጣት ተጨማሪ ቦታ እንዲያገኝ ይረዳል። ድፍን አክስል ላይ ግን ዲፈረንሻሉን አንድ ሚሊሜትር እንኳ ከፍ አያደርገውም፤ አክስሉ የሚቆመው በጎማው ላይ ነውና። በዋልካ አፈር ውስጥ በተቆረጠ የጎማ ዱካ መሐል የሚያሰጋው ደግሞ ዲፈረንሻሉ ነው።

እርሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ሲሆን፣ የሚገኘውም ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። 265/70R17 የተጻፈበት ጎማ ከዳር እስከ ዳር ወደ 803 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 285/70R17 ደግሞ 831 ይደርሳል። ልዩነቱ 28 ሚሊሜትር ነው። ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የዚህን ግማሽ፣ 14 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በለውጡ ፍጥነት ቆጣሪው ከቀድሞው ወደ 3.5 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ጎማው ከባድ ስለሚሆን የፍሬንና የሞተሩ ሥራም ይጨምራል። ለላንድ ክሩዘር 70 የተለመደው 7.50R16 ጎማ ከ235/85R16 ጋር በቁመት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ከፍታ የሚጠይቀው ዋጋም አለ። የመኪናው ክብደት ማዕከል ወደ ላይ ሲወጣ በኩርባና በገደል ጥግ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ፖርቶመጋላ ላይ ጀሪካንና ተጠባባቂ ጎማ ለሚደረድር ሃርድ ቶፕ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ለጉዞና ለሥራ የሚውል መኪና ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከፍታ ይበቃዋል።

ምርጫው ከሚዛን ይጀምራል

መለዋወጫ መደብር ገብቶ «ስንት ኢንች ከፍ ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ከመጨረሻው መጀመር ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት መኪናው ሁልጊዜ የሚሸከመው ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው። የፊት ብረት መከላከያና ዊንች አንድ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋሉ። በአራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ ውሃ 80 ኪሎ ነው። የሃርድ ቶፑ ሁለት ታንኮች 180 ሊትር ናፍጣ ሲይዙ ነዳጁ ብቻውን 150 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ ስድስት ሰዎች 420 ኪሎ ይሆናሉ።

እንደ አውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ያሉ አምራቾች ለአንድ ሞዴል የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ሞላዎችና ባሌስትራዎች የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው፤ አንዱ ለባዶ መኪና፣ ሌላው ለመካከለኛ ቋሚ ጭነት፣ ሌላው ለከባድ። ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ከተገጠመ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ ጎማው መሬት አይጨብጥም፣ ተሳፋሪውንም ወገቡን ያመዋል። ለባዶ የተሠራው ከጭነት በታች ከገባ ደግሞ ያ የተገዛው ከፍታ በመጀመሪያው ጉዞ ይጠፋል። ትክክለኛው ሞላ መኪናው የዘወትር ጭነቱን ይዞ ሲቆም የታሰበውን ከፍታ የሚሰጥ ነው። ጠንካራ ሞላ የመጫን ፈቃድን እንደማይጨምርም መዘንጋት የለበትም፤ አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው ያው የቀድሞዎቹ ስለሆኑ፣ ፋብሪካው የወሰነውና በሊብሬው የሰፈረው ጭነት ገደብ ሆኖ ይቀጥላል።

በርካሽ ከፍ የሚያደርጉ መንገዶችም አሉ። ከሞላው ላይ ማስረዘሚያ ቁራጭ ማስገባት፣ ባሌስትራ መጨመር፣ ያረጀውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ ማጉበጥ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመጨረሻው በፍጹም አይመከርም። ባሌስትራ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካው በተመጠነ ሙቀት አብስሎ ስለሠራው ነው፤ በግምት ሲግል ያ ባሕርይ ይጠፋና ወይ ወዲያው ተመልሶ ይተኛል፣ ወይ በረሃ ላይ ይሰበራል። ማስረዘሚያ ቁራጭ ደግሞ የአሞርዛተሩን ርዝመት ስለማይለውጥ፣ ጎማው ወደ ጉድጓድ በወረደ ቁጥር አሞርዛተሩ እስከ ጫፉ ተስቦ ይመታል።

አሞርዛተር፦ ሙቀትን የሚሸከመው

ሞላ መኪናውን ይሸከማል፤ ንዝረቱን የሚያበርደው ግን አሞርዛተር ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሞገድ በሠራ የጠጠር መንገድ ላይ ይህ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ዘይቱ ሲግልና ከአየር ጋር ሲደባለቅ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ አያበርድም፣ መኪናውም መንሳፈፍ ይጀምራል። ለዚህ ነው ጥሩ አሞርዛተሮች ናይትሮጅን ጋዝ የሚሞሉት።

ባለ አንድ ቱቦው ዓይነት ጋዙንና ዘይቱን በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሚለይና ዘይቱ ከውጭው ግድግዳ ጋር ስለሚገናኝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ድንጋይ መትቶ ቱቦውን ካጎደጎደው ፒስተኑ ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው ምት በተሻለ ይችላል፤ በረጅም የጠጠር መንገድ ግን ቶሎ ይግላል። ረጅም ጠጠር የሚበዛበት ሹፌር የመጀመሪያውን፣ ድንጋይ ለድንጋይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁለተኛውን ቢመርጥ ይጠቀማል። በሁለቱም ዘንድ የአሞርዛተሩ ርዝመት ከአዲሱ ሞላ ጋር መመጣጠን አለበት።

ከፍ ሲል የሚናጋው

የጎማ አቋም በሦስት ማዕዘኖች ይገለጻል። ካስተር መሪው የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያጋደለበት መጠን ነው፤ የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ጋደል ማለቱ ብስክሌቷን ቀጥ አድርጎ እንደሚመራት ሁሉ፣ ካስተርም መሪው ራሱ ወደ መሐል እንዲመለስ ያደርጋል። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋደለበት ነው። ቶ ደግሞ ከላይ ሲታዩ የሁለቱ ጎማዎች ፊት መቀራረብ ወይም መራራቅ ነው።

ላንድ ክሩዘር 70 ከፍ ሲል ሁለቱ ክንዶች ወደ ታች ያዘቀዝቁና አክስሉን ወደ ፊት ያዞሩታል፤ ካስተሩ ይቀንሳል። ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው መሪው ከኩርባ በኋላ አልመለስ ሲል፣ አስፋልት ላይም መኪናው እየዋለለ ሲያስቸግረው ነው። መድኃኒቱ ቀዳዳቸው ከመሐል የወጣ የካስተር ማስተካከያ ጎሚኒዎች፣ ወይም የክንዶቹን ማሰሪያ ዝቅ የሚያደርጉ ብረቶች ናቸው። አግድሙ ዘንግም አክስሉን በትንሹ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ወደ መሐል ይመልሰዋል።

በሃይሉክስ ላይ ደግሞ ሦስቱም ማዕዘኖች አንድ ላይ ይናጋሉ። የታችኛው ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸው ባለ ጎባጣ ቡሎኖች ማስተካከያ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ከፍታው ከ5 ሳንቲሜትር ሲያልፍ ግን የእነርሱ ልክ ያልቅና ካስተሩ አልደርስ ይላል። ያኔ ማዕዘኑ የተስተካከለ አዲስ የላይኛው ክንድ ያስፈልጋል። የሲቪ ጆይንቶቹ ማዕዘንም ስለሚሰፋ ላስቲካቸው ይቀደዳል፣ ቅባታቸው ይፈሳል፣ አቧራ ይገባቸዋል።

ከኋላም የሚረሱ ነገሮች አሉ። የትራንስሚሲዮኑ ማዕዘን ሲቀየር ክሮቸራው ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ቱቦዎች ጎማው እስከ ታች ሲወርድ እንዳይወጠሩ መታየት አለባቸው። ከሁሉም በላይ፣ በብዙ ሃይሉክሶችና ላንድ ክሩዘሮች ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የፍሬን ኃይልን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ። መኪናው ከፍ ሲል ይህ ቫልቭ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ኃይል ይቀንሳል። ማሰሪያው በአዲሱ ከፍታ መጠን ካልተስተካከለ፣ መኪናው ሞልቶ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ ይደክማል።

የአላይመንት ቅደም ተከተል

አላይመንት የሚሠራው ሞላው፣ አሞርዛተሩና ጎማው ሁሉ ተገጥመው ካለቁ በኋላ ነው። የክንዶቹ ጎሚኒዎች የመጨረሻ ጥብቀት መኪናው በክሪክ ላይ ሳለ ሳይሆን በጎማዎቹ መሬት ላይ ከቆመ በኋላ መሰጠት አለበት፤ አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ቀጥሎ በአራቱም ጎማ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። ግራና ቀኙ ከተለያየ አላይመንቱ መሠረት የለውም።

ከዚያ የጎማ ንፋስ ይስተካከላል፣ ቴስቲናዎችና የጎማ ኩሽኔታዎች ይፈተሻሉ። ላላ ያለ ቴስቲና ላይ የተሠራ አላይመንት መኪናው ከጋራዡ በር ሲወጣ ይፈርሳል። መኪናው የዘወትር ጭነቱን መያዝ ይኖርበታል። ማስተካከሉ በካስተር ይጀምራል፣ ካምበር ይከተላል፣ ቶ የመጨረሻው ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሲነኩ ቶ ስለሚቀየር። በድፍን አክስል ላይ ካምበር ማስተካከያ ስለሌለው፣ ከልኩ ከወጣ የሚጠረጠረው የጎበጠ አክስል ወይም ያለቀ ኩሽኔታ ነው።

አዲስ ሞላና ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይተኛል። ስለዚህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ደግመው ይጠብቃሉ፣ አላይመንቱም ዳግም ይለካል። በዚህ መሐል መዳፍ ጥሩ መለኪያ ነው፤ በጎማው ጥርሶች ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥም ወደ ውጭ ሲዳሰስ በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው ከሻከረ፣ ቶው ተዛብቷል ማለት ነው። አንደኛው ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከተገኘ ካምበሩም ይጠረጠራል።

መኪናችሁን ከፍ ለማድረግ የወሰናችሁ ሁሉ፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሞላ ስትገዙ የካስተር ማስተካከያውን፣ ተመጣጣኙን አሞርዛተርና የአላይመንቱን ዋጋ በአንድ ሒሳብ ጻፉት። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከፍታውን ቀንሱ እንጂ ማስተካከያውን አትተዉ። በዚያ መኪና ላይ የሚሳፈሩት ሰዎች ስለ ካስተርና ስለ ፍሬን ቫልቭ ላያውቁ ይችላሉ፤ እነርሱን ወክሎ ማወቅና መጠየቅ የባለንብረቱና የሹፌሩ ኃላፊነት ነው።