በጅቡቲ ከተማ ቤት እንደ ትምህርት ቤት

ዘመናዊ ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ከመከፈቱ አስቀድሞ ልጅ ፊደል የሚቈጥረው በአባቱ ቤት ወይም በአቅራቢያው ባለው ደብር ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ ልማድ በአገር ቤት ከዘመኑ ትምህርት ጋራ እየተደራረበ የኖረ ሲሆን፣ ከአገር ውጭ በሚኖሩ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ዘንድም ጨርሶ አልጠፋም። በጅቡቲ ከተማ አምስትና ስድስት ልጆች ለሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ቤቱ የመኝታና የመብል ስፍራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ልጆቹ በወላጆቻቸው ቋንቋ እንዲያነቡና በወላጆቻቸው ሥርዓት እንዲጸልዩ ከተፈለገ ቤቱ ሁለተኛ ትምህርት ቤት መሆን አለበት።

ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገሩ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በመንደርና በገበያ የሚሰማው ሱማልኛና አፋርኛ ነው። ስለዚህ በዚያ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ አራት ቋንቋዎች ከደጅ ይጠብቁታል፤ አማርኛን ግን ቤቱ ካላስተማረው በአፉ ይናገረው ይሆናል እንጂ በዐይኑ አያነበውም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጅቡቲ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል ከኢትዮጵያ በሽቦ ይደርሳታል፤ ከዚያም ወዲህ የመጠጥ ውኃ ከኢትዮጵያ ሱማሌ ክልል ከርሰ ምድር በቧንቧ እንዲመጣላት ተደርጓል። ፊደል ግን በሽቦም በቧንቧም የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ ለሰው ሊያስተምረው ይገባል።

የቤት ትምህርት ሲባል ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት እንዳይመስል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የጅቡቲ የትምህርት ሕግ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርትን ግዴታ አድርጓል። ይህ በመሆኑም አስተዋይ ወላጆች የሚሠሩት ሥራ ልጁ በቀን ከሚማረው ላይ መጨመር እንጂ ያንን መተካት አይደለም።

የሐረር ምሳሌ

ሁለቱን ትምህርት ማጣመር በዚያ የባቡር መሥመር አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ራስ መኮንን በሐረር ሳሉ ልጃቸውን ተፈሪን፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን፣ በግቢያቸው ውስጥ ያስተምሯቸው ነበር። ልጁ የአገራቸውን ፊደልና የቤተ ክርስቲያን ንባብ ከተማሩ በኋላ፣ ከጓድሎፕ ደሴት የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታልየንና ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ፈረንሳይኛን አስተምረዋቸዋል። ራስ መኮንን በ1906 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ልጃቸው ገና 14 ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ቢሆንም ሁለቱን ቋንቋ ይዘው ቀርተዋል።

ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የተጀመረው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሠራተኛውና ነጋዴው በዚሁ መሥመር ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ለራስ መኮንን ቤት መምህር ቀጥሮ ማምጣት ይቻል ነበር፤ ለወደብ ሠራተኛና ለባለ ሱቅ ግን መምህሩ ብዙ ጊዜ የልጆቹ እናት ናት።

የቀኑ አከፋፈል

ብዙ ልጆች ያሉበት ቤት ያለ ሥርዓት ከተተወ ገበያ ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቤት ቀኑ የሚከፈለው በአየሩ ጠባይና በልጆቹ ዕድሜ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓቶች ማንም አእምሮውን ሊያሠራ አይችልም። ጸሎቱና የቃል ጥናቱ በማለዳ፣ ታላላቆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ይፈጸማል። ንባቡና ጽሕፈቱ ደግሞ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሆናል። ለትምህርት ቤት ያልደረሱት ሕፃናት እናታቸው ሽሮዋን ስታማስል ከአጠገቧ ተቀምጠው የፊደል ገበታውን በዜማ ይቈጥራሉ፤ እርሷም ዐይኗ ከድስቱ ላይ ሳይነሣ የተሳሳተውን በጆሮዋ ለይታ ታርማለች።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከጥንቱ የንባብ ቤት የተወረሰ ነው። ልጁ 33ቱን የፊደል ዘሮች በየ7 ቅርጻቸው፣ ማለት 231 ሆሄያትን ይለያል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፣ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፤ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። በንባብ ቤት የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን እንደሚያስቀጽል ሁሉ፣ እዚህም ዳዊት የደረሰው አቡጊዳ ላይ ያለውን፣ እርሱም በተራው ፊደል የሚቈጥረውን ያስተምራል። በዚህ መንገድ የልጆች መብዛት ሸክም ብቻ ሳይሆን ረዳትም ይሆናል።

ሂሳቡን ደግሞ ኑሮው ራሱ ያስተምራል። ለገበያ የተላከች ልጅ በጅቡቲ ፍራንክ ትከፍላለች፤ አባቷ ግን ዕቃውን በብርና በዶላር ያስባል። አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ እንዲመነዘር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ማባዛትና ማካፈልን ለሚለማመድ ልጅ ይህ የማይለዋወጥ መልመጃ ነው። የትምህርት ቤቱ ሰዓት 1 ሲል የእናት ሰዓት 7 ይላል። የትምህርት ቤቱ ዓመት 12 ወር ሲኖረው የቤተ ክርስቲያኑ 13 አለው፤ በሁለቱ አቆጣጠር መካከልም የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ልጁ ይህን ሁሉ ሳይሳሳት ማዛወር ሲችል ሁለት ዓለም በአንድ ራስ እንዲያድር ተምሯል ማለት ነው።

ዓርብና እሑድ

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሳምንቱ አቀማመጥ ነው። የጅቡቲ ሕዝብ እጅግ የሚበልጠው ክፍል እስላም በመሆኑ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ እሑድ የሥራና የትምህርት ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ ሰው ሁሉ በሃይማኖቱ ሳይለይ በሕግ ፊት እኩል መሆኑንም ስለሚያረጋግጥ ክርስቲያኑ በእምነቱ አይከለከልም። ይሁን እንጂ የእሑድ ቅዳሴና የትምህርት ቤቱ ደወል በአንድ ማለዳ ሲገናኙ ወላጅ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ገናም ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል ፈተናውን ወይም የሥራውን ሰዓት አያስቆምም።

ብልህ ቤተ ሰብ ይህን ችግር ወደ ጥቅም ይለውጠዋል። ዓርብ ልጆቹ ሁሉ እቤት ስለሚውሉ ዋናው የቤት ትምህርት ቀን ይሆናል። ቀኑ የጾም ቀን በመሆኑም ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች እስከ ተወሰነው ሰዓት ሳይበሉ ቈይተው ንባባቸውን ይፈጽማሉ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ መሶብ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የእስላም ጎረቤቶቻቸው በዚያው ቀን ወደ ጁምዓ ሲሄዱ እያዩ የሚያድጉ ልጆች የራሳቸውን ማክበርና የሌላውን ማክበር ተቃራኒ ነገሮች እንዳልሆኑ ይረዳሉ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ልጅን በቤት ማስተማር በሌሎች አገሮች ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ በ50ዎቹም ግዛቶች ተፈቅዷል፤ በ2016 በዚህ ዐይነት የሚማሩት ልጆች 1.7 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ ተገምቷል። ከእነዚህም መካከል ልጆቻቸው ብዙ የሆኑ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ይገኙበታል። ጀርመን ግን አትፈቅድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2006 የወላጆችን አቤቱታ ሳይቀበል ቀርቷል። በፈረንሳይ የ1882 ሕግ ትምህርትን እንጂ ትምህርት ቤትን ግዴታ አላደረገም ነበር፤ በ2021 የወጣው ሕግ ግን ልጁን በቤት ለማስተማር የመንግሥትን ፈቃድ አስፈላጊ አድርጎታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የወላጅ መብት ትልቅ ቢሆንም ልጁ ነገ ሥራ የሚያስገኝለትን የምስክር ወረቀት ማጣት የለበትም። በጅቡቲ ባካሎሬያ የሌለው ወጣት፣ ዳዊት ቢደግምም፣ የመሥሪያ ቤት በር አይከፈትለትም። የአገሩን ትምህርት ብቻ ተምሮ አማርኛ የማያነብም እንዲሁ ይጐዳል። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ በጅቡቲ ወደብ ሲያልፍ ኖሯል። ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛና አማርኛ አንብቦ የጭነት ሰነድ የሚያስተካክል ጸሐፊ ለትራንዚት ቤትም ለጉምሩክም የሚፈለግ ሰው ነው። ከሥራውም በላይ አያቱ የላከችለትን ደብዳቤ በሌላ ሰው አፍ የሚሰማ ልጅ ከዘመዶቹ ግማሽ መንገድ ርቋል።

የአባት ድርሻ

የዚህ ሁሉ ድካም በማን ትከሻ ላይ እንዳለ መመርመር ይገባል። በብዙ ቤት እናት ምግብ ሠሪ፣ ልብስ አጣቢና መምህር ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎ የምትሸከመው የመጀመሪያይቱ ሴት ልጅ ናት። ይህች ልጅ ውኃ ስትቀዳ፣ ሕፃን ስታዝል፣ ታናናሾቿን ስታስቈጥር የራሷ የፈተና መጽሐፍ ሳይገለጥ ይመሻል። ወንድሞቿ በእርሷ ድካም ተምረው እርሷ ከክፍል ብትወድቅ ቤቱ ልጆቹን አስተማረ ሊባል አይችልም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በጅቡቲ መሥሪያ ቤቶች ማልደው ይከፈቱና ከቀትር በኋላ ይዘጋሉ፤ ሱቁም በሙቀቱ ጊዜ ይዘጋል። በዚያው ሰዓት በየዕለቱ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ይደርሳል፤ የብዙ ወንዶችም ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ድረስ በእርሱ ዙሪያ ያልቃል። አስተዳዳሪው ወይም ነጋዴው ከዚያ ጊዜ አንዱን ሰዓት ቀንሶ ጽሕፈቱንና ሂሳቡን ለልጆቹ ቢያሳይ የሚከስረው ነገር የለም፤ ታላቂቱ ልጅ ግን የራሷን መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ ታገኛለች። አሠሪ የሆነም እሑድ ማለዳ ለሚያስቀድሱ ሠራተኞቹ ተራ ቢያበጅላቸው፣ ጎረቤታሞችም ተባብረው ለልጆቻቸው አንድ የንባብ መምህር ቢቀጥሩ ሸክሙ ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የተባለው ለዚህ ነው። የወር ሂሳቡን በጥንቃቄ የሚዘጋ አባት ከልጆቹ ማንኛው ማንበብ እንደ ቻለ፣ ማንኛይቱስ በሥራ ብዛት ወደ ኋላ እንደ ቀረች በዚያው ጥንቃቄ ሊመረምር ይገባዋል።