የነሐሴ ተስፋ፣ የነሐሴ ስጋት፦ ደጋፊ የቅድመ ውድድር ዝግጅትን እንዴት ይመልከት?

ነሐሴ ላይ በግምጃ ቤት ከተማም ሆነ በእንጅባራ፣ በዳንግላም ሆነ በባህር ዳር የሊግ ጨዋታ የለም፤ የኳስ ወሬ ግን የሚደራው ያን ጊዜ ነው። ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? ልምምዱ እንዴት ይዟል? አንዱ «ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው» ይላል። ሌላው «ይህን ተከላካይ ይዘን ካልወረድን ተመስገን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ገና አንድ ጨዋታ አላዩም።

ተስፋውም ስጋቱም ግን እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቅርብ ዓመታት ታሪክ ለሁለቱም በቂ ማስረጃ አለው። ዝግጅቱ ዋንጫ ማን እንደሚወስድ አይነግረንም። ቡድኑ ረጅሙን ዓመት የሚችል አቅም እየገነባ መሆን አለመሆኑን ግን ሊነግረን ይችላል፤ ምን እንደምንመለከት ካወቅን።

ክረምቱ ለምን ይህን ያህል ያነጋግራል?

በአገራችን አብዛኛው ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሰኔ 30 ያበቃል። በማግሥቱ ክለቡ ነባሮቹን ለማቆየት፣ አዲስ ለማስፈረም፣ አንዳንዴም አሰልጣኝ ለመቀየር ይሯሯጣል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሜዳ የሚገባው ቡድን ሰኔ ላይ ከተሰናበተው ጋር ስሙና ማሊያው አንድ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ደጋፊው በየዓመቱ ቡድኑን እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ወሬው የሚበዛውም ለዚህ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ምን ይሠራል?

መጀመሪያ የሕክምና ምርመራ አለ። ከዚያ ትንፋሽና ጉልበት የሚገነባበት የአካል ብቃት ሥራ ይከተላል፤ ኳስና ታክቲክ እየተጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የወዳጅነት ጨዋታ ይመጣል። ለአገው ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ሽምጥ የሚጋልበው ፈረስ ያን ዕለት ጠዋት ከግጦሽ ተይዞ የመጣ አይደለም። ቀድሞ ተመግቧል፣ ተገርቷል፣ ጉልበቱ ታይቷል።

የአውሮፓ ክለቦችን የጉዳት መዝገብ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል፤ በቅድመ ውድድር ወቅት ብዙ ልምምድ የሠሩ ቡድኖች በውድድሩ ወራት በጉዳት የሚያጧቸው ተጫዋቾች ያነሱ ሆነው ታይተዋል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ችግር ይነሣል። ተጫዋቾች ዘግይተው ሲፈርሙ ወይም ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቶ ልምምድ ሲያቆሙ የሚባክነው ጊዜ በኋላ አይተካም። በጥቅምት ያልታየው ጉድለት በየካቲት በጡንቻ ጉዳት ይገለጣል።

ተስፋው መሠረት አለው

በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እንዲሁ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያ መድን የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። በእንዲህ ዓይነት ሊግ ውስጥ «ዘንድሮ የእኛ ነው» ያለ ደጋፊ አልዋሸም።

ለአካባቢያችን ደጋፊ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ባህር ዳር ከነማ ነው። «የጣና ሞገዶቹ» የሚባሉት ባህር ዳሮች ፕሪሚየር ሊጉን በ2011 ዓ.ም ተቀላቀሉ። በአራት ዓመት ውስጥ፣ በ2015 ዓ.ም፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ ሆነው ጨረሱና የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ቦታ አገኙ። የዚያ ክረምት ዝግጅታቸው በወዳጅነት ጨዋታ ብቻ የሚታለፍ አልነበረም፤ ነሐሴ ላይ የታንዛኒያውን አዛምን ገጠሙ፤ በመለያ ምትም አሸንፈው አለፉ። በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው «ክለብ አፍሪካን» ከውድድሩ አስቀራቸው። አገር ውስጥ ያሉት ክለቦች ገና እየተዘጋጁ ሳለ እነሱ ለእውነተኛ ግጥሚያ መድረስ ነበረባቸው። ቀደም ብሎ የጀመረ ዝግጅት ምን ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ነው።

ስጋቱም መሠረት አለው

ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን ያደረጉት አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በክረምቱ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ተሻገሩ። የ2011 ዋንጫም አብሯቸው መቐለ ገባ። ጅማ ደግሞ ዋንጫ ባነሣ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም፣ ከሊጉ ወረደ። በ2017 መድንን ሻምፒዮን ያደረጉትም እኚሁ አሰልጣኝ ናቸው። ስለዚህ ደጋፊ «አሰልጣኙ ይቆያል ወይ?» ብሎ ቢጨነቅ ትክክል ነው። ከብዙ የዝውውር ወሬ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይበልጣል።

ሁለተኛው ስጋት ሁሉን ነገር በአንድ አጥቂ ላይ መጣል ነው። በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫው ግን ጎንደር ገባ፤ የወሰደው ፋሲል ከነማ ነበር። አንድ ታላቅ ግብ አግቢ መፈረሙ ያስደስታል፤ ቡድን ተሠርቷል ማለት ግን አይደለም።

ሦስተኛው የአየር ጠባይ ነው። ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረበት ከ2013 ወዲህ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ይካሄዳሉ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናግደዋል። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷም ከባድ ነው። የሰው አካል ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። በደጋ ዝናብ ብቻ የተዘጋጀ ቡድን ቆላ ሲወርድ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ቢከብደው ሊያስገርመን አይገባም።

እንግዲህ ምን እንይ?

የወዳጅነት ጨዋታ ውጤት ላይ ብዙ አንመካ፤ ብዙም አንደንግጥ። አሰልጣኙ በአንድ ግጥሚያ 20 ተጫዋች እየቀያየረ ሲሞክር 4 ለ 0 ማሸነፍም መሸነፍም ብዙ አይናገርም። ይልቅ እነዚህን እንጠይቅ፦

• ከአምናው ቋሚ አሰላለፍ ስንቱ ቀረ? በተለይ ግብ ጠባቂው፣ የመሃል ተከላካዮቹና የመሃል ሜዳው አቀናባሪ አብረው ቆይተዋል?

• አዲስ ፈራሚዎች ልምምድ የጀመሩት መቼ ነው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ወይስ ሊጉ ሊጀምር ሳምንት ሲቀረው?

• ጉዳት ላይ ያሉት ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ ይሠራሉ ወይስ ለብቻቸው ይሮጣሉ?

• ደመወዝና የፊርማ ገንዘብ በወቅቱ እየተከፈለ ነው?

• ከተስፋ ቡድኑ ያደገ ወጣት ዕድል አግኝቷል? የክለቡን ነገ የሚያሳየው ይህ ነው።

እነዚህን መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ በጀቱም የሕዝብ ነው። ደጋፊ ሚያዝያ ላይ ቡድኑ ሲንሸራተት ተጫዋቾቹን ከመስደብ ይልቅ ነሐሴ ላይ አመራሩን ቢጠይቅ ለቡድኑ ይበጃል። ያን ጊዜ መልሱ ገና ሊስተካከል ይችላል። ተስፋ ማድረግ የደጋፊ መብት ነው፤ ጠይቆና አጣርቶ ተስፋ የሚያደርግ ደጋፊ ግን ክለቡን ያጠነክራል።