ሲጋራው ቀረ፣ ቀበቶው ጠበበ

ሲጋራ ማጨስ በተውኩ በአራተኛው ወር የሱሪዬ ቀበቶ በለመደው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ከምንኖርበት ከኪዋቱሌ ተነሥተን ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ወደሚደረግ የአገር ልጆች ሠርግ ለመሄድ ባለቤቴ ልጆቹን አልብሳ በር ላይ ትጠብቀኛለች። እኔ ግን መስታወት ፊት ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ እየሳብኩ ከቀበቶዬ ጋር ትግል ይዣለሁ። ያ ቀበቶ በሠራዊቱ ውስጥ ባሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ከሦስተኛው ቀዳዳ አልፎ አያውቅም ነበር።

ኪዋቱሌ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ በኩል የምትገኝ የመኖሪያ ሰፈር ናት። ካባላጋላ ደግሞ ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ምግብ ቤቶች የሚገኙበት ሰፈር ነው። ሠርጉ ቤት ስንደርስ ያገኘኝ ወዳጅ ሁሉ «እሰይ! ተመቸህ መሰለኝ፤ ሰውነትህ ተመለሰ!» እያለ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርገኝ ጀመር። እንደሚታወቀው በእኛ ዘንድ «ወፈርክ» ማለት ምርቃት እንጂ ስድብ አይደለም። መክሳት የችግር፣ መወፈር የድሎት ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ለወታደር ግን ነገሩ የተለየ ነው። ቦርጭ ያወጣ ወታደር ዝገት እንደ ያዘው ጠመንጃ ይታያል። ስለዚህ የወዳጆቼ ምርቃት ለእኔ እንደ ወቀሳ ይሰማኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አንድ ክፉ አሳብ መጣብኝ። «ሲጋራ ሳጨስ ሸንቃጣ ነበርኩ። ከእራት በኋላ አንዲት ብቻ ባጨስ ምን ይጎዳኛል? ሆዴም ወደ ቦታው ይመለሳል» የሚል ነበር። የኡጋንዳ ሕግ ሲጋራን በነጠላ መሸጥ ስለሚከለክል፣ አንዲት ፍለጋ የወጣሁት ሰው በማግሥቱ ሙሉ ፓኮ ይዤ ተመለስኩ። በኮቴ ኪስም ሸሸግኩት። ባለቤቴ ኮቱን ልትሰቅል ስታነሣው ፓኮው ወለሉ ላይ ወደቀ። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «አንተ ሰው፣ እኔ ሆድህን ፈርቼው አላውቅም። ሌሊት ሌሊት የምትስለውን ሳል ግን እፈራው ነበር። እነሆ አራት ወር ሙሉ ሳልሰማው ተኝቻለሁ። ልትመልሰው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፓኮው ሳይከፈት ከቤት ወጣ።

ይህን የቤቴን ገመና በዚህ ዓምድ ላይ ማውጣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። «ከተውኩ እወፍራለሁ» በሚል ሥጋት ሲጋራን ለመተው ያልደፈሩ፣ ወይም ከተዉት በኋላ ክብደታቸው ሲጨምር ደንግጠው የተመለሱበት ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። በመሆኑም ሲጋራውንና ውፍረቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠን የቱ እንደሚከብድ እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ ሲጋራ የተወ ሰው ክብደት የሚጨምረው ለምንድን ነው? በትምባሆ ውስጥ የሚገኘው ኒኮቲን ሁለት ነገሮችን ይሠራል። አንደኛ፣ በአንጎል ላይ እየሠራ የምግብ ፍላጎትን ያደበዝዛል። ሁለተኛ፣ የልብን ምት እያፋጠነ ሰውነት ያለ ሥራ ጉልበት እንዲያባክን ያደርገዋል። በቀን አንድ ፓኮ ያህል የሚያጨስ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 200 ካሎሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ጉልበት እንደሚያቃጥል እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሲጋራው ሲቆም ይህ ብክነትም አብሮ ይቆማል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደንዝዘው የከረሙት ምላስና አፍንጫ ይነቃሉ፤ ወጡ ይጣፍጣል፤ የቡናው መዓዛ ከሩቅ ይጠራል። በዚህ ላይ ለዓመታት ወደ አፍ መመላለስን የለመደ እጅ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሲጋራ ቢያጣ ብስኩት፣ ብስኩት ቢያጣ ዳቦ ያነሣል።

200 ካሎሪ ሲባል ብዙ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ያህል አለው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ ወደ 190 ካሎሪ ያገኛል ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ቢራም ቢሆን ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ የሚጨምረው ክብደት ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመና 62 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ያለ መድኃኒት እርዳታ ሲጋራ የተዉ ሰዎች በአማካይ በመጀመሪያው ወር 1 ኪሎ፣ በሦስተኛው ወር 3 ኪሎ፣ በዓመቱ ደግሞ ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ ጨምረዋል። ከዚህ የምንረዳው አብዛኛው ጭማሪ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚመጣ መሆኑን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከመቶው 13ቱ ከ10 ኪሎ በላይ ሲጨምሩ፣ 16ቱ ግን ጭራሽ ክብደት ቀንሰዋል። ስለዚህ ውፍረቱ የተለመደ ይሁን እንጂ ለሁሉም በአንድ ልክ የተቆረጠ ዕጣ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሚዛኑን ሌላ ወገን እንይ። ሲጋራ ባቆምን በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መርገብ ይጀምራል። በ12 ሰዓት ገደማ በደም ውስጥ የነበረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ ልኩ ይወርዳል። ይህ ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ያው መርዘኛ አየር ሲሆን፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ቦታውን ይሻማል። ሽቅብ የሚወጣ አጫሽ ወታደር ከጓዶቹ ቀድሞ የሚያለከልከው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት ሲሞላ ለልብ ሕመም የመጋለጡ አደጋ ከሚያጨሰው ሰው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

«ውፍረቱ ይህን ጥቅም አያጠፋውም ወይ?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ተመርምሯል። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ በቆየው የልብ ጤና ክትትል ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ የስኳር በሽታ የሌለባቸው ሲጋራ የተዉ ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋቸው ከአጫሾቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የጨመሩት ክብደትም ይህን ጥቅም አልሻረውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ክብደታቸው በብዛት የጨመረ ሰዎች ለተወሰኑ ዓመታት በስኳር በሽታ የመያዝ አደጋቸው ከፍ እንደሚል ገልጿል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች እንኳ ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ ያለ ዕድሜ ከመሞት ርቀው ተገኝተዋል። ስለዚህ ውፍረቱ ችላ የሚባል ባይሆንም ከሲጋራው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

«ሲጋራ ያቀጥናል» የሚለውን ወሬ ያራቡት የሲጋራ ነጋዴዎች ራሳቸው እንደሆኑም ማወቅ ይጠቅማል። ላኪ ስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ሲጋራ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሴቶችን ከጣፋጭ ይልቅ ሲጋራ እንዲያነሡ በማስታወቂያ ይሰብክ ነበር። ወታደሩም ቢሆን ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም። የአሜሪካ ጦር እስከ 1975 ድረስ ከጦር ሜዳ ስንቅ ጋር ሲጋራ አብሮ ያድል ነበር። ብዙው ሰው ሲጋራን የለመደው በእረፍት ሰዓት ከጓደኛ እጅ ተቀብሎ ነው፤ የሚተወውም በቤተሰቡና በጓደኞቹ እርዳታ ቢሆን ይቀለዋል።

እኔም ከዚያች ምሽት በኋላ የራሴን ሒሳብ መመርመር ያዝኩ። በሲጋራው ምትክ ምን ምን እንደገባ ብጽፍ ጥፋቱ ግልጽ ሆነ። በኪዋቱሌ መንገድ ዳር «ሮሌክስ» የሚሉት፣ እንቁላል ጠብሰው በቂጣ የሚጠቀልሉት ምግብ አለ፤ ቀድሞ ሲጋራ በማጨስበት ሰዓት እሱን እበላ ነበር። ሻዬ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር። ወደ ጎረቤታችን ሰፈር ወደ ንቲንዳ ስሄድም በእግሬ መሄድን ትቼ «ቦዳ ቦዳ» በሚባለው ሞተር ብስክሌት እሳፈር ነበር። ረሀብ ሳይኖርብኝ የበላሁት፣ ሳይደክመኝ የተሳፈርኩት ተደማምሮ ቀበቶዬን አጠበበው።

ከዚህ የተማርኩትን ለአንባቢያን ላካፍል። የመጀመሪያው ምክር ሁለት ጦርነት በአንድ ጊዜ አለመክፈት ነው። ሲጋራውን በተዉበት ሰሞን ራስን በረሀብ መቅጣት ቁጣንና ድካምን አምጥቶ ወደ ሲጋራው ሊገፋ ይችላል። ምግብን አለመከልከል፣ ስኳርን፣ ቅባትንና መጠጥን ግን ቀነስ ማድረግ ይበቃል። አልኮል መጠጥ ሁለት ጉዳት አለው፤ ሆድን ይጨምራል፤ ሲጋራ እምቢ የሚለውንም አንደበት ያላላል። ሁለተኛው፣ አምሮቱ ሲመጣ መንቀሳቀስ ነው። የሲጋራ አምሮት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ መዞር ያሳልፈዋል። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ መራመድም ሲጋራው ያቃጥለው የነበረውን 200 ካሎሪ ይተካል። ሦስተኛው፣ ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መውጣት ነው። በየዕለቱ የሚመዘን ሰው በየዕለቱ ይደነግጣል። ጭማሪው ካላቆመ ወይም የስኳር በሽታ በቤተሰብ ውስጥ ካለ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ለባለቤቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሲጋራ የተወ ባል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቁጡና እንቅልፍ አጥ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከመርዙ የመላቀቅ ምልክት እንጂ የፍቅር መጉደል አይደለም። ሆዱን እያዩ መቀለድ ለሲጋራው ማገዝ ነው። «በሞቴ ብላልኝ» እያሉ ከጠገበ በኋላ ጉርሻ መደራረብም እንዲሁ። ከዚህ ይልቅ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሰላጣውን አብዝቶ ቅቤውንና ዘይቱን ቆጠብ ማድረግ፣ ከእራት በኋላም አብሮ ወጣ ብሎ መራመድ ታላቅ ውለታ ነው። የሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ ሕፃናትን ለጆሮና ለሳንባ ሕመም ስለሚያጋልጥ፣ የተተወው ሲጋራ የባል ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ጤና ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ በኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን የከለከሉት ሌላውን ሰው ከዚህ ጭስ ለመጠበቅ ነው። ወደ ሳሎን ግን ሕጉ አይገባም፤ እዚያ የሚያዝዘው የቤተሰቡ ስምምነት ነው።

ዓመቱ ሲሞላ ሚዛን ላይ ብወጣ ከድሮው በ3 ኪሎ ብቻ በልጬ ተገኘሁ። ኮረብታውን ወደ ቤቴ ስወጣ ግን መንገድ ላይ ቆሜ ትንፋሽ መሰብሰቤ ቀርቷል። ቀበቶውን በተመለከተ ባለቤቴ መፍትሔ ካገኘችለት ቆይታለች። ፓኮው ከቤት በወጣ በሳምንቱ የስፌት ወስፌዋን አንሥታ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቀዳዳ መካከል አንድ አዲስ ቀዳዳ በሳችበት። እስከ ዛሬ የምታጠቀው በእሱ ነው።