የሕዝበኝነት ፖለቲካና መገናኛ ብዙኃን፡- ከወሎ ርሃብ የሚወሰድ ትምህርት

ደሴና ኮምቦልቻ አዲስ አበባን ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጋር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ የደቡብ ወሎ ከተሞች ናቸው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት በደረሰው ርሃብ ወቅት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ገበሬዎች በዚሁ ጎዳና ዳር ተሰልፈው ተሽከርካሪዎችን እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ እንደነበር ይታወቃል። ርሃቡ ለአንድ ሥርዓት መውደቅ ምክንያት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ከመሆኑም በላይ፣ በፖለቲካ መሪዎችና በመገናኛ ብዙኃን መካከል የሚኖረው ግንኙነት ለዜጎች ሕይወት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያሳየ ነው።

የሕዝበኝነት ምንነት

በተለምዶ ፖፑሊዝም በመባል የሚታወቀው ሕዝበኝነት ኅብረተሰቡን ለሁለት የሚከፍል የፖለቲካ አካሄድ ነው። በአንድ ወገን የተበደለውን ሕዝብ፣ በሌላ ወገን ደግሞ በዳይ የሆኑ ጥቂት ልሂቃንን ያስቀምጣል። መሪው የሕዝቡ ብቸኛ ድምፅ እኔ ነኝ ስለሚል፣ በእርሱና በሕዝቡ መካከል የሚቆም ማናቸውም ተቋም እንደ እንቅፋት ይቆጠራል። ከእነዚህ ተቋማት አንዱ መገናኛ ብዙኃን ነው።

የተለያዩ አገሮች ተሞክሮ ይህ ግንኙነት ቢያንስ ሦስት መልክ እንዳለው ያመለክታል። የመጀመሪያው መገናኛ ብዙኃንን በባለቤትነት መያዝ ነው። በጣሊያን የሦስት ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት የነበሩት ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በጥር 1994 ወደ ፖለቲካ መግባታቸውን ያስታወቁት አስቀድሞ በተቀረጸ የቪዲዮ መልእክት ነበር። ሁለተኛው መሪው ራሱ አቅራቢ የሚሆንበት ነው። የቬንዙዌላው ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ ከ1999 ጀምሮ ለበርካታ ሰዓታት የሚዘልቅ ሳምንታዊ ፕሮግራም በራሳቸው እየመሩ ለሕዝቡ ያስተላልፉ ነበር። ሦስተኛው ጋዜጠኞችን በጠላትነት መፈረጅና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች በቀጥታ ለደጋፊ መናገር ነው። ዶናልድ ትራምፕ በ2017 ታላላቅ የአሜሪካ የዜና ተቋማትን የሕዝብ ጠላት ሲሉ መጥራታቸው ለዚህ ይጠቀሳል።

ከዝምታ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት

በአገራችን ጉዳዩ የተለየ መልክ ነበረው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጋዜጦችና ሬዲዮ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ስለነበሩ ስለ ወሎ ርሃብ ለረጅም ጊዜ ዝምታን መርጠዋል። በ1965 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው ተጉዘው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለተማሪዎች ማሳየታቸው በወቅቱ ከፍተኛ ቁጣ አስነስቷል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው “ያልታወቀው ርሃብ” የተሰኘ ፊልም ደግሞ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ጉዳዩ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ።

ደርግ ከዓመት በኋላ ይህንኑ ፊልም ለራሱ ዓላማ ተጠቀመበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ቅንብር የተራቡትን የወሎ ሰዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት ጋር እያፈራረቀ የሚያሳይ ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በቅንብሩ ውስጥ የታየው ርሃብ እውነት ነበር፤ ድግሱም እንዲሁ። ሆኖም ሁለቱ ጎን ለጎን በመቅረባቸው ተመልካቹ የተረዳው ርሃቡ ከአንድ ቤተ መንግሥት ብቻ የመነጨ መሆኑን ነው። በስፊው ሕዝብ ስም የተነሳው አዲሱ ኃይል በምርጫ የመጣ ባይሆንም፣ በዳይንና ተበዳይን በአንድ መስኮት የማሳየት የሕዝበኝነት ዘዴን በሚገባ ተጠቅሞበታል።

የደሴ ገበያ ምስክርነት

የርሃቡ መንስኤ ግን ከዚህ የጠለቀ ነበር። ምሁሩ አማርትያ ሴን በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በርሃቡ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም የተወሰነ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው የምግብ ምርትም ከወትሮው እጅግ ያነሰ አልነበረም። የወሎ ገበሬ ግን ሰብሉ በድርቅ ስለጠፋ የሚሸጠውም ሆነ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የእህሉ ዋጋ ያልናረውም የተራበው ሰው የመግዛት አቅሙን አጥቶ ስለነበር ነው።

ይህን ማስረዳት የአንድ ምሽት ፊልም አይችልም። በየገበያው የእህልንና የከብትን ዋጋ የሚከታተል፣ ከባለሥልጣንም ከገበሬም የሚጠይቅ የዕለት ተዕለት የጋዜጠኝነት ሥራ ይጠይቃል። የቀድሞው ዝምታ ርሃቡን ሸሽጎታል፤ ቀጥሎ የመጣው ቅንብር ደግሞ ርሃቡን አሳይቶ መንስኤውን ሳያሳይ ቀርቷል።

ካሜራው ሲመለስ

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ በማድረግ የጭሰኝነት ሥርዓትን ማስወገዱ ትልቅ እርምጃ እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ ጦርነቱ፣ የግዴታ እህል ኮታውና በንግድ ላይ የተጣለው ገደብ ገበሬውን ዳግም ለችግር አጋለጠው። በ1976 ዓ.ም. ርሃቡ እየከፋ ሲሄድ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ማስጠንቀቂያ ቢያሰማም፣ የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ትኩረት የኢሠፓ ምሥረታና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም ያዘጋጁትን ዘገባ አሠራጨ። ርሃብን በፊልም አሳይቶ ሥልጣን የያዘው መንግሥት ከአሥር ዓመታት በኋላ በዚያው በወሎ ምድር በተነሳ ፊልም ተጋለጠ። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። መገናኛ ብዙኃንን የቀድሞውን መንግሥት ለመክሰሻ ብቻ የሚፈልግ መሪ፣ ጥያቄው ወደ ራሱ ሲዞር በሩን መዝጋቱ አይቀርም። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የሚራበው ሰው ነው።

የመረጃ ክፍተትና ወሬ

ክፍተቱ በርሃብ ጊዜ ብቻ የሚታይ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴን ያዝን ሲሉ መንግሥት በበኩሉ ከተማዋ በእጁ መሆኗን አስታውቆ ነበር። ነዋሪዎች እርስ በርሱ በሚቃረን መግለጫ መካከል ሆነው ለመቆየት ወይም ወደ ኮምቦልቻና ከዚያም ወዲያ ለመሸሽ መወሰን ነበረባቸው። ሁለቱ ከተሞች ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. በመንግሥት ኃይሎች እጅ መመለሳቸው ተገልጿል። ለአንድ ቤተሰብ የታመነ መረጃ ማግኘትና አለማግኘት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ይህ ወቅት አሳይቷል።

ከመንግሥት ሠራተኛ የሚጠበቀው

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት ተሰጥቷቸዋል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ሥራ ላይ የሚውሉት በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤቶች በሚሠሩ ባለሙያዎች እጅ ነው። የሰብል ግምገማ ውጤትን፣ የገበያ ዋጋንና የእርዳታ ፈላጊዎችን ቁጥር ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ በወቅቱ ማሳወቅ፣ ለጋዜጠኛም ጥያቄ ምላሽ መስጠት የዕለት ተግባራቸው ሊሆን ይገባል። አንድ ባለሙያ የበላዩን ላለማስከፋት ብሎ ያስቀረው ሪፖርት፣ ጊዜው ሲደርስ በሌላ ሰው ካሜራና ለሌላ ሰው ዓላማ መቅረቡ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ችግሩ ይታወቃል፤ የሞተውን ግን የሚመልሰው የለም።